የእሳት አደጋ ሠራተኛ የነበረውን አባታችንን የሕይወት ታሪክ ሁለት ጊዜ ጻፍነው

አባባ 38 ዓመት እሳት አደጋ ሠራ። በ1965 ተቀጥሮ በ2003 ጡረታ ወጣ፤ ታኅሣሥ 2017 ላይ በ74 ዓመቱ አረፈ። የሕይወት ታሪኩ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። የመጀመሪያው በቀብሩ ዋዜማ ሌሊት ተጽፎ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የተነበበው ነው። ስህተት ነበረበት፤ አንዱ ስህተት ደግሞ የቤታችንን ሰው አስለቀሰ። ሁለተኛው ለአርባው የተዘጋጀው ነው። ይህን የምጽፈው በእሳት አደጋ፣ በአምቡላንስ ወይም በመሰል ሥራ የኖረ አባት ያላችሁ ሰዎች የእኛን የመጀመሪያ ጽሑፍ ዘላችሁ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው እንድትሄዱ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ሥራውን ይዞ ቤት አይገባም። አባባ ልብሱን ጣቢያ ቀይሮ ነበር የሚመጣው። ተረኛ ሆኖ ባደረ ጠዋት፣ ግቢ ውስጥ ካለችው ቧንቧ ሥር ቆሞ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ሳይታጠብ ልጅ አያቅፍም፤ የተቃጠለ ፕላስቲክና ቀለም ጥቀርሻ መርዝ መሆኑን ያውቃል። ቁርሱን በልቶ ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ዩኒፎርማችንን በከሰል ካውያ ይተኩሳል፤ ካውያውን የሚያሳርፍባት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረችው፣ ሌላ ነገር ላይ አያስቀምጥም። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ቤቱን ይዞራል፦ የቡታጋዙ ቫልቭ፣ የማንደጃው ረመጥ፣ ሻማ፣ ከዚያ እያንዳንዱን የኤሌክትሪክ ሶኬት በእጁ ጀርባ ይነካል። ለምን በመዳፉ እንደማይነካ ለመጠየቅ እንኳ አላሰብንም። የኖርንበትን ነገር ሁሉ የምናውቀው ይመስለን ነበር።

መታመም የጀመረው በ2015 ነው። ሳል፣ ከዚያ የትንፋሽ ማጠር። "አንድ ቀን ቁጭ ብለን እንቀርጽሃለን" እያልን ሁለት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ እጃችን ላይ የቀረው 11 ደቂቃ ድምፅ ነው፤ ከዚያም ግማሹ ቴሌቪዥን ነው።

ስለዚህ ከቀረጻው ልጀምር። ሳሎን ውስጥ አትቅረጹ። ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ጠዋት ከቁርስ በኋላ ነው የሚሻለው፤ ከ20 ደቂቃ በላይ አታስወሩት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን በፎጣ ላይ አድርጋችሁ አጠገቡ አስቀምጡ፤ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የሲኒው ኳኳታ ድምፁን ይውጠዋል። "ሕይወትህ እንዴት ነበር?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላችኋል፤ በቃ አለቀ። እጅና ዕቃ ያለበት ጥያቄ ጠይቁ፦ መኪናው ላይ የት ነበር የምትቀመጠው? ቱቦውን ፊት ሆኖ የሚይዘው ማን ነበር? ውሃ ሲያልቅ የት ትሞላላችሁ? መጀመሪያ የወጣህበት እሳት የት ነው? ያኔ ሰውየው ከወንበሩ ቀና ይላል።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ዓመት ያደባልቃል፤ በማን መንግሥት ጊዜ እንደነበር ግን አያደባልቅም። "ጃንሆይ ሳይወርዱ ነው ወይስ በኋላ?"፣ "ከ77ቱ ድርቅ በፊት?"፣ "የጥይት መጋዘኑ የፈነዳ ጊዜ የት ነበርክ?" በሉት። ግንቦት 27 ቀን 1983 የፈነዳውን የጥይት መጋዘን በዚያ ዘመን አዲስ አበባ የነበረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ኢሕአዴግ ከተማዋን ከያዘ ሳምንት ነበር። ዓመቱን እናንተ ኋላ ታሰሉታላችሁ።

ከሁሉ የበለጠው ግን መንገድ ነው። አባባን ለሕክምና በታክሲ ስንወስደው በመስኮት እያየ በአጭር በአጭሩ ይናገር ነበር። ሰባ ደረጃ ጋ፣ "እዚህ መሰላል አይቆምም"። ደጃች ውቤ፣ "እዚህ መኪና አይገባም፣ ቱቦ ከአስፋልቱ ጀምረን ነው የቀጠልነው"። ቸርችል ጎዳና፣ "ቁልቁል ስንመጣ ፍሬኑን..." ብሎ ይተወዋል። ከተማው ለእሱ የእሳት መዝገብ ነበር። አንዳችንም አልቀረጽነውም። ዛሬ ከሰፈሮቹ ብዙዎቹ የሉም፤ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ጠባብ መንገዶቹም አብረው ጠፉ። አባታችሁ መንገድ ላይ መናገር የሚወድ ከሆነ ስልኩን ከታክሲው በር ጀምራችሁ ክፈቱት።

ጥር 3 ቀን 2007 ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል አባባ ጡረታ ከወጣ 4 ዓመት ሊሞላው ነበር። ሄዶ ርቆ ቆሞ አየ። ሲመለስ ያለው አንድ ነገር ነው፦ "አሮጌ ቤት ከላይ ነው የሚሄደው።" ትርጉሙ የገባን ኋላ ባልደረቦቹ ሲያስረዱን ነው። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሐል ያለው ባዶ ቦታ ለእሳት መሄጃ ነው። ታች ያለው ሰው አንድ ክፍል ነው የተቃጠለው ብሎ ዕቃ ለማውጣት ይሮጣል፤ እሳቱ ግን በላይ አልፎ ሦስተኛው ክፍል ደርሷል። ዕቃ ሊያወጣ ተመልሶ የሚገባ ሰው የሚቀረው እንዲህ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ደግሞ አልጋ ላይ ነበር። ትራሱን አስደግፈን አስቀመጥነውና ምስሉን ያይ ጀመር። "ነፋሱ ወዴት ነው?" አለ። ቀጥሎ ስለ ውሃ አወራ፤ በዓመት የማያወራውን ያህል በዚያ ማታ አወራ። ሕዝቡ "ውሃ ሳይዙ መጡ" ሲል ዕድሜ ልኩን እንዴት እንደሚያመው ያን ማታ ነው የነገረን። ሒሳቡን በጣቱ ቆጠረልን፦ መኪናው 4,000 ሊትር ቢይዝ፣ አንዱ ቱቦ በደቂቃ 400 ሊትር ቢያፈስ፣ በ10 ደቂቃ ባዶ ነው። ሁለት ቱቦ ከተከፈተ በ5 ደቂቃ። ከዚያ መኪናው ሊሞላ ይሄዳል፤ ቆሞ የሚያየው ሰው ግን ሸሸ ይላል። ሁላችንም ስልክ በእጃችን ነበር፤ ዜና እንከታተልበት ነበር። አባባ አጠገባችን ሆኖ የሚናገረውን አልቀረጽነውም። ከሁሉም በላይ የሚቆጨን ይሄ ነው።

ያረፈ ዕለት የሆነውን አላረዝምም። ሊጠቅማችሁ የሚችለው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ ካህኑ የሚጠይቀው የክርስትና ስሙን ነው፤ ፍትሐቱ የሚደረገው በዚያ ነው። እናታችን በድንጋጤ ጠፍቶባት ሌሊት ገጠር ላሉ አክስት ደወልን። አሁኑኑ ጻፉና ከመታወቂያው ጋር አስቀምጡት። ሁለተኛ፣ የእድር ዳኛውን ብቻ ሳይሆን የጸሐፊውንም ስልክ ያዙ። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ የእድሩ አባላት ወደ ከተማው ዳርቻ ተበትነዋል፤ የድሮው ጡሩምባ አይደርሳቸውም፤ በስልክ የሚጠራቸው ጸሐፊው ነው። ሦስተኛ፣ ለሥራ ባልደረቦቹ የሚደውል አንድ ሰው ለይታችሁ መድቡ። እኛ "ጣቢያው ይሰማል" ብለን ትተነው ከቀብር በፊት የደረሱት ጥቂቶች ናቸው።

የሕይወት ታሪኩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ለቅሶ በደረሰ ሰው መሐል፣ በአንድ ስልክ ተጻፈ። "ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ በሥራቸው የተመሰገኑ" ይላል። ውሸት የለበትም፤ ግን የአባባን ስም አውጥታችሁ የማንንም ስም ብታስገቡበት ይሆናል። በእሳት አደጋ 38 ዓመት የሠራ ሰው ታሪክ ውስጥ እሳት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የተጠቀሰው፤ እሱም በመሥሪያ ቤቱ ስም ውስጥ።

ሁለተኛው ስህተት የቀን ነው። ከሥልጠና ምስክር ወረቀቱ ላይ 1978 የሚል አየንና እንዳለ ገለበጥነው። ወረቀቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር፤ መጋቢት 1970 ማለት ነው። ባልደረቦቹ እርስ በርስ ሲተያዩ አይተናል። ከውጭ ድርጅት ጋር የተያያዘ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሁሉ ተጠራጠሩ፦ ከሴፕቴምበር 11 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ባለው 7፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ ባለው 8 ቀንሱ። በመታወቂያው፣ በጡረታ ደብተሩና በእውነት የተወለደበት ዓመትም ሦስት የተለያየ ሊሆን ይችላል። ለሕይወት ታሪኩ ቤተሰቡ የሚያምነውን፣ ለመንግሥት ወረቀት ግን በጡረታ ማኅደሩ ላይ ያለውን ተጠቀሙ፤ አታደባልቋቸው።

ሦስተኛው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ነው። ጽሑፉ "ባለትዳርና የ4 ልጆች አባት ነበሩ" ይላል። አባባ የወንድሙን ልጅ ከ3 ዓመቷ ጀምሮ አሳድጓል። ከእኛ ጋር በላች፣ ከእኛ ጋር ተማረች፣ ሲታመም ሌሊት ሌሊት ያገላበጠችው እሷ ናት። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆማ "የ4 ልጆች አባት" ሲባል ሰማች። ምንም አላለችም፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። የልጆችን ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት እባካችሁ ጮክ ብላችሁ በስም ቁጠሩ፤ ያሳደገውን፣ ከሌላ የወለደውን፣ በሕፃንነቱ የሞተውንም። ከዚያ አንድ ያላለቀሰ ሰው ያንብበው።

የሚያነበውንም አስቡበት። የእኛ ታናሽ ወንድም ጀመረና መጨረስ አልቻለም፤ ሌላ ቅጂ ስላልነበረ የተሸበሸበውን ወረቀት ተቀብሎ የቀጠለው ሰው ሁለት መስመር ዘለለ። አንባቢው የቅርብ ልጅ ባይሆን ይሻላል፤ ድምፁ ወፍራም የሆነ ዘመድ ወይም የእድር ሰው ይሁን። ሁለት ቅጂ፣ በትልቅ ፊደል፣ መስመሩ ሰፋ ያለ። ሰው በፀሐይ ቆሞ የሚሰማው 5 ደቂቃ ነው፤ በአማርኛ ያ ማለት 450 ቃል አካባቢ ነው።

ነገሩ የተቀየረው ድንኳን ውስጥ ነው። በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ፣ ለመጣው ሰው ቡና የሚያፈሉ ልጆች ማንደጃውን ከድንኳኑ መጋረጃ ሥር፣ ቄጠማው ላይ አስቀምጠውታል። አንድ ሽማግሌ ገቡ፤ ከአባባ ጋር 20 ዓመት ያህል በአንድ ፈረቃ የሠሩ ናቸው። ነፍስ ይማር ከማለታቸው በፊት ጎንበስ ብለው ማንደጃውን በሁለት እጃቸው አንስተው አወጡት። "እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?" አሉን። ያፈርነው ማፈር!

ለቅሶ ቤት ድንኳን የምትተክሉ ሁሉ ይህን ያዙ፦ ሸራውና ላስቲኩ ቶሎ ነው የሚያያዘው፤ ቄጠማው ደግሞ በሁለተኛው ቀን ደርቋል። ማንደጃና የወጥ ድስት የሚጣድበት ጉልቻ ከድንኳኑ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፣ ነፋሱ ከድንኳኑ ወደ እሳቱ እንጂ ከእሳቱ ወደ ድንኳኑ በማይነፍስበት በኩል ይሁን። ጄኔሬተር እየሠራ ቤንዚን አይጨመርበትም፤ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ገመድ ላይ ምድጃ አይሰካም። በር ላይ አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ባልዲ አሸዋ ይቁም። ድንኳኑ መውጫው ሁለት ይሁን።

እኒያ ሽማግሌ ተቀምጠው ከብዙ ዝምታ በኋላ አንድ ነገር ነገሩን። አንድ ሌሊት፣ ልጅ ወጥቷል የተባለበት ቤት ውስጥ አባባ ሲፈትሽ ልጁን አልጋ ሥር አገኘው። አልደረሰበትም። "ከዚያ ወዲህ ቤት በገባን ቁጥር መጀመሪያ አልጋ ሥር ነው የሚያየው። ሌላውን ለእኛ ይተወዋል" አሉ።

እኛ ልጆቹ ተያየን። አባባ በየጊዜው እሑድ ማታ መብራት አጥፍቶ፣ "እሳት ነው!" ብሎ ይጠራን ነበር። በሆዳችን እየተሳብን፣ ግድግዳውን በእጃችን ጀርባ እየነካን፣ እስከ ግቢው ቧንቧ መድረስ ነበረብን። አልጋ ሥር የገባ ልጅ ጨዋታውን ይሸነፋል፤ እንደገና ከመጀመሪያ ይጀመራል። አንድ ጊዜ ታናሻችን ስቆ አልጋ ሥር ሲደበቅ አባባ የተቆጣውን ቁጣ ሌላ ጊዜ አይተንበት አናውቅም። ለጨዋታ ይህን ያህል መቆጣት ምንድነው ብለን አኩርፈን ነበር። ሕፃን ልጅ ሲፈራ እንደሚደበቅ፣ ጭስ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ሞልቶ የሚተነፈስ አየር የሚቀረው ወለሉ አጠገብ እንደሆነ ሲያስተምረን ነበር። በእጅ ጀርባ መንካቱም ለዚህ ነው፦ በሩ ማዶ እሳት ካለ ሙቀቱን ቶሎ ይለያል፤ የተቃጠለ መዳፍ ግን ለመሳብም ሆነ በር ለመክፈት አይሆንም። ልጆች ያላችሁ ይህን ጨዋታ ተጫወቱ። መብራቱን አጥፉ፣ መንገዱ ይለመድ፣ የመሰብሰቢያው ቦታ አንድ ይሁን።

ለአርባው የጻፍነው ከዚያ ማታ ጀምሮ ነው። ባልደረቦቹን አንድ በአንድ ሳይሆን ሦስት ሦስት አድርገን ቡና ጠራናቸው። ብቻውን ያለ ሰው ያጋንናል ወይም ይረሳል፤ ሦስት ከሆኑ ይተራረማሉ፦ "የለም፣ ያን ጊዜ ሾፌሩ ሌላ ነበር።" ፎቶዎቹን ይዘን ቀረብን። በፎቶ ጀርባ ስም ስትጽፉ በእስክሪብቶ አትጻፉ፣ ቀለሙ ወደ ፊት ይታተማል፤ ለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ ከግራ ወደ ቀኝ ብላችሁ ቁጠሩ። ፎቶውን በስልክ ስታነሱ መስታወቱን አውጡት፤ በረንዳ ላይ በጥላ አንሱት እንጂ ፀሐይ ላይ አይሁን።

ሰው የማያስታውሰው ወረቀት ላይ አለ። የቅጥር ደብዳቤ፣ የደረጃ ዕድገት፣ የዝውውርና የጡረታ ደብዳቤ በግል ማኅደሩ ውስጥ ይገኛሉ። ወራሽነታችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ይዛችሁ በማመልከቻ ጠይቁ። የእኛ ጽሑፍ ዓመታት የተስተካከሉት በእነዚህ ወረቀቶች ነው።

ወረቀት ካነሳሁ፣ በዚያው ወር ስለሚሠራው ልንገራችሁ፤ ሐዘን ላይ ስለሆንን ብዙዎቻችን እናዘገየዋለን። ሞት በ30 ቀን ውስጥ በወረዳው የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። ሆስፒታል ከሆነ የሆስፒታሉ፣ ቤት ውስጥ ከሆነ የቀብር ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የቀብሩን ደረሰኝና ደብዳቤ አትጣሉ። ባል ሲሞት ሚስት የጡረታውን 50 በመቶ ታገኛለች፤ ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅም ድርሻ አለው። በሞተው ሰው ስም የሚገባውን ጡረታ ከሞተ በኋላ በካርድ አታውጡ፤ ይመለሳል፣ ጉዳዩንም ያጓትታል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚያመላልሰው ደግሞ ፊደል ነው። መታወቂያው ላይ በ"ኃ" የተጻፈ ስም ጡረታ ደብተሩ ላይ በ"ሀ"፣ ባንክ ላይ በ"ሃ" ከሆነ፣ "አንድ ሰው ናቸው" የሚል ማስረጃ ትፈልጋላችሁ። የጋብቻ የምስክር ወረቀት የሌላቸው እናቶች ብዙ ናቸው፤ በሽማግሌ የተጋቡ ናቸውና። ያ ከሆነ ምስክር ይዞ ፍርድ ቤት ማስወሰን ግድ ነው። አባታችሁ በሕይወት እያለ አብረው ሄደው ማስመዝገቡ ከብዙ መንገላታት ያድናቸዋል። የወራሽነት ማስረጃውን አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ነው።

ወደ ጽሑፉ ልመለስ። ሁለተኛውን ስንጽፍ አንድ ደንብ አወጣን፦ ቅጽል ከገባ ሥራው ይከተለው። "ለቤተሰቡ አሳቢ" ብለን ከመጻፍ፣ ጫማውን አፉን ወደ በሩ አዙሮ አልጋው አጠገብ እንደሚያስቀምጥና ጡረታ ከወጣም በኋላ ይህን እንዳልተወ ጻፍን። "ለጎረቤት ደራሽ" የሚለውን አውጥተን፣ ሰፈር ውስጥ አዲስ ምጣድ የተገዛበት ቤት ሁሉ ተጠርቶ ይሄድ እንደነበር አስገባን። ገመዱን በጣቱ ይዳስሳል፦ "3,500 ዋት በ220 ሲካፈል 16 አምፔር ነው፤ ይሄ ገመድ የአምፖል ነው፣ አይችለውም።" ለምጣዱ ብቻ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ ከቆጣሪው ቀጥታ እስኪዘረጋ ድረስ እንጀራ አይጋገርም። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ የሚጠመጥም ሰው ቤት ሻይ አይጠጣም ነበር።

የሠርግና የማኅበር ድግስ ላይ ዘይት ተቀጣጥሎ ውሃ ሊደፉበት ሲሉ እጃቸውን የያዘበት ቀንም ገብቷል። ውሃ በጋለ ዘይት ላይ ሲወድቅ ወዲያው እንፋሎት ሆኖ 1,700 እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ዘይቱን ይዞት ይፈነዳል። አባባ ክዳን ከጎን አንሸራትቶ ከደነው፣ ቡታጋዙን ዘጋ፣ "እስኪበርድ ማንም እንዳይከፍተው" ብሎ አጠገቡ ቆመ። ሌላ ልጅ በፈላ ውሃ ሲቃጠል እናቱ ቅቤ ይዛ ስትሮጥ፣ ቅቤውን ተቀብሎ የልጁን እጅ ለ20 ደቂቃ ከቧንቧ ሥር ይዞ ቆመ፤ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያስቀረዋል ይል ነበር። ቡታጋዝ ሲሸት መብራት ማብራትም ማጥፋትም እንደማይገባ፣ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በሩን ከፍቶ ወለል ወለሉን ማናፈስ እንደሚያስፈልግ፣ ከሰል ቤት ውስጥ አጭሶ መተኛት ሽታ በሌለው ጋዝ እንደሚገድል፣ እነዚህን ሁሉ ለሰፈሩ ያስተማረ እሱ ነው። ወደ እሳት አደጋው ስልክ 939 ስንደውል ደግሞ የምንለውን በቃል አስጠንቶናል፦ ሰፈሩ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምልክት፣ የሚቃጠለው ምን እንደሆነ፣ ውስጥ ሰው መኖሩ፣ መኪና መግባት መቻሉ፤ ከዚያ አንድ ልጅ አስፋልቱ ድረስ ሮጦ መኪናውን ይቀበላል። ይህ ሁሉ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ በአራት ዓረፍተ ነገር ገባ፤ ስናነበው ሰው ራሱን እየነቀነቀ ሰማ፣ ምክንያቱም እጁን የያዘው የእነሱንም ነበር።

ጽሑፉ ሲያልቅ ለሦስት ሰው አስነበብነው፦ ለእናታችን፣ ለእኒያ ሽማግሌ፣ አባባ ላሳደጋት የአጎታችን ልጅ። እናታችን የሠርጋቸውን ወር አስተካከለች። ሽማግሌው "ጀግና" የሚለውን ቃል ሰርዘው በላዩ "ጥንቁቅ" ብለው ጻፉ፤ በዚያ ሥራ ትልቁ ምስጋና ያ ነው አሉ። እሷ ምንም አላረመችም። በአርባው ዕለት ያነበበችው እሷ ናት፤ የቅርብ ልጅ አያንብብ ያልኩትን ደንብ ያፈረስነው በእሷ ልመና ነው። "የ5 ልጆች አባት" የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

ሦስት ቅጂ ወጣ። አንዱ ከጡረታ ወረቀቶቹ ጋር በአንድ ማኅደር ነው፣ አንዱ ከሽማግሌው ጋር፣ አንዱ እሷ ጋ። በቀኝ ክንዱ ላይ፣ ከክርኑ በታች፣ የአውራ ጣት የምታህል ጠባሳ ነበረችው። ባልደረቦቹን ሁሉ ጠየቅን፤ እነሱ ጋ ሲመጣም ነበረችው አሉ። ለጠባሳዋ በጽሑፉ ውስጥ ግማሽ መስመር ባዶ ተትቷል።